ከሳንሱር ክፍል እስከ ችሎት፦ የደፋር ብዕር አንድ ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው አባባልና «እረኛ ምን አለ?» የሚለው የነገሥታት ጥያቄ በአንድ አገር አብረው ኖረዋል። የሚቃረኑ ቢመስሉም የአንድ ሥርዓት ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ገዢው በአደባባይ መነቀፍ አይሻም፤ ሕዝቡ ምን እንደሚያንጎራጉር ግን ማወቅ ይፈልጋል። እረኛው ስም የለውም፤ ግጥሙን ማን እንደገጠመው አይታወቅም። አዝማሪው በሰምና ወርቅ ይከለላል፤ ባለቅኔው ወቀሳውን በውዳሴ መሀል ያሳልፈዋል። ነቀፋ ባለቤት እስካልተገኘለት ድረስ ይታለፍ ነበር።

ጋዜጣ ይህን የቆየ ስምምነት አፈረሰው። ነቀፋው የጸሐፊ ስም፣ የታተመበት ቀን፣ የሚሸጥበት ዋጋና የማተሚያ ቤት አድራሻ ያለው ነገር ሆነ። ስለዚህም የሚያዝ ሰው፣ የሚወረስ ወረቀት፣ የሚዘጋ በር ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተፈራረቁት መንግሥታት በርዕዮተ ዓለም እጅግ ይለያያሉ፤ ለደፋሩ ተቺ የሠሩለት አጥር ግን የተያያዘ ታሪክ አለው። አጥሩ አንድ ጊዜ ከሕትመት በፊት፣ ሌላ ጊዜ ከሕትመት በኋላ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እዚያው ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ተተክሎ እናገኘዋለን። ይህ ቅኝት የአጥሩን መዘዋወር ይከተላል፤ የየክስ መዝገቡን ዝርዝር ለሕግ ታሪክ አጥኚዎች ይተዋል።

ጅማሬው ቤተ መንግሥት ነው። በ1890ዎቹ አጋማሽ ገደማ አንድሬያስ ካቫዲያ የተባለ ግሪካዊ በእጅ እየጻፈ ማሰራጨት የጀመረውን ወረቀት አፄ ምኒልክ «አእምሮ» ብለው ሰየሙት። አንባቢዎቹ መኳንንቱና የውጭ አገር መልእክተኞች ነበሩ። በዚያው ዘመን ከሐማሴን የመጡት ብላታ ገብረ እግዚአብሔርም በእጅ የተገለበጡ ጽሑፎችን በአዲስ አበባ ያሠራጩ ነበር። የእርሳቸው ወረቀት ከ«አእምሮ» የሚለየው ወሬ ከማቀበል አልፎ አገር ላንቀላፋችበት ጉዳይ ሰውን ለመቀስቀስ በመጻፉ ነው። የኢትዮጵያ ተቺ ጋዜጠኝነት የዘር ሐረጉን ቢቆጥር ከዚህ መጀመር ያለበት ይመስለኛል።

ክልከላውም ተከተለ። የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የገጠመው ጋዜጣን ሳይሆን ቴአትርን ነው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንስሳትን እያናገሩ የቤተ መንግሥቱን ጉቦና ብልሹነት ያሳዩበት ድርሰት ለመኳንንቱ ታየ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የቴአትር ጥበብ የታገደበትም ምክንያት ይኸው ሆነ። ነቀፋውን በተረት መጠቅለል ከዚህ በኋላ እንደማያድን የታየበት ጊዜ ነበር።

አልጋ ወራሹ፣ ኋላም ንጉሠ ነገሥቱ፣ ራስ ተፈሪ በዚህ መሀል ሌላ መንገድ ከፈቱ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚያው ስም የተጠራው ሳምንታዊ ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። በዚህ ጋዜጣ ወጣት ምሁራን ስለ ትምህርት፣ ስለ ባርነት መቅረት፣ ስለ አስተዳደር መሻሻል በስማቸው ጻፉ። ጽሑፎቹ ዛሬ ሲነበቡ ትሑት ይመስላሉ፤ ለዘመናቸው ግን ደፋሮች ነበሩ። የደፋርነታቸው ወሰን ደግሞ የታወቀ ነው፦ የአልጋ ወራሹን የለውጥ ፍላጎት ያልደገፈ ነቀፋ ቦታ አልነበረውም። የባለሥልጣን ጥላ ያለበት ድፍረት ከዚህ ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሬስ ቋሚ ባሕርይ ሆኗል። ጥላው ሲነሣ ተቺው ራቁቱን ይቀራል።

የጣሊያን ወረራ ይህን ጅምር አቋረጠው። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የመንግሥት ጋዜጣ ከመንግሥቱ ጋር ተመለሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ አንድ ወር ካለፈ በኋላ፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» ወጣ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የፕሬስ ነፃነት በመላው ግዛቱ በሕግ መሠረት የተረጋገጠ ነው አለ። ዋናው ቃል «በሕግ መሠረት» የሚለው ነበር፤ በተግባር ሕጉ ሳንሱር ሆነና ጽሑፍ አስቀድሞ ታይቶ ማኅተም ካላረፈበት አይታተምም ነበር። የዚህ ሥርዓት ውጤታማነት የሚለካው በቀዩ እርሳስ በተሰረዘው ብቻ አይደለም። ጸሐፊው ገና ከቤቱ ሳይወጣ የሚሰርዘው ይበልጥ ነበር።

ሆኖም አልፈው የወጡ ነበሩ። ቀደም ሲል ጋዜጠኛ የነበረው አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን አሳተመ፤ ገና ያልተወለደ ልጅ ወደዚህ ዓለም መምጣትን እምቢ የሚልበት ታሪክ ነው። መጽሐፉ ታገደ፤ ቅጂዎቹ ተለቀሙ፤ ደራሲው ደግሞ ኋላ በግዞት ወደ ኢሉባቦር ተላከ። ግዞት የዚያ ዘመን ቅጣት ነበር። ተቺው ክስ ሳይቀርብበት፣ ፍርድ ሳይሰጥበት ከአንባቢው ይርቃል፤ የሚጽፍበት ወረቀትና የሚያደምጠው ሰው ይጠፋበታል።

በ1960ዎቹ መግቢያ ደግሞ መድረኩ ወደ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «ታገል» በሚል ስም የሚታወቀው ልሳን ኅዳር 1962 ዓ.ም. የዋለልኝ መኮንንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ያስከተለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። በወሩ፣ ታኅሣሥ 1962 ዓ.ም.፣ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በጥቅሉ ሲታይ የተቺውን አጥር ከማተሚያ ቤቱ በፊት የተከለ ዘመን ነው። አጥሩ ሲዘለል ግዞት፣ እስር፣ በመጨረሻም ጥይት መጣ።

የየካቲት 1966 አብዮት በሩን ለጥቂት ወራት ወለል አድርጎ ከፈተው። የሳንሱሩ እጅ ላላ፤ ጋዜጦች ባለሥልጣናትን በስም መጥራት ጀመሩ። ደርግ መንበሩን ከያዘ በኋላም በ1968 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ላይ «አብዮታዊ መድረክ» የተባለው ዓምድ ተከፈተ። በመኢሶንና በኢሕአፓ ዙሪያ የተሰለፉ ጸሐፊዎች ስለ ዴሞክራሲ ምንነት በመንግሥት ጋዜጣ ገጽ ላይ ተሟገቱ። በመንግሥት ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ሙግት ከዚያ በፊት አልታየም። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። ክርክሩ ከገጹ ወደ ጎዳናው ወረደና በቀይ ሽብር ተዋጠ፤ የተሟገቱት ብዙዎቹ ተገደሉ፣ ታሰሩ ወይም ተሰደዱ። «ዴሞክራሲያ»ን የመሰሉ የኅቡዕ ልሳኖች ይዞ መገኘት ብቻውን ለሞት ያበቃ ነበር።

የደርግን ዘመን በአንድ ሰው ማየት ካስፈለገ ያ ሰው በዓሉ ግርማ ነው። በዓሉ ከውጭ የመጣ ተቃዋሚ አልነበረም። ጋዜጠኝነትን በአሜሪካ ሚሺጋን ተምሯል፤ «መነን»ን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «አዲስ ዘመን»ን በአዘጋጅነት መርቷል፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ከፍተኛ ኃላፊነት ደርሷል። ሳንሱሩ እንዴት እንደሚያስብ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ጥቂት ነበር። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ ለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ሄደ፤ ያየውንም በ«ኦሮማይ» ጻፈው። ልቦለዱ በሥልጣን ላይ ያሉትን ሰዎች በሚያስታውቁ ገጸ ባሕርያት የዘመቻውን ድካም፣ ውሸትና ብክነት አወጣ። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል ታትሞ ለሽያጭ ከቀረበ በኋላ ከየመደብሩ ተለቀመ። አስቀድሞ የተሸጠው ግን መልሶ የሚሰበሰብ አልነበረም፤ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ተነበበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ቆማ ተገኘች።

ይህ በታሪካችን ትልቅ መታጠፊያ ነው። ሳንሱር በክፉነቱም ቢሆን አንድ ነገር ያስታውቅ ነበር፦ ያለፈው ጽሑፍ ተፈቅዷል ማለት ነው። «ኦሮማይ» ያንን የመጨረሻ ዋስትና አነሣው። የተፈቀደ መጽሐፍ ደራሲውን አላዳነም። ከዚያ በኋላ ብዕር ያነሣ ሁሉ ወሰኑ የት እንደሆነ የሚያሳየው ሕግም ሆነ ማኅተም አልነበረውም፤ የቀረው የገዢው ቁጣ መጠን ብቻ ነው። ቤተሰብ መቃብር እንኳ የማያውቅለት ደራሲ ያላት አገር የት ደረሰ የሚለውን ጥያቄ ዘግታ መተኛት አትችልም፤ እስካሁንም ባለመመለሱ ሊያሳፍረን ይገባል።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ወደቀ፤ የፕሬስ ሕግ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን በግልጽ ከለከለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ክልከላውን አጸናው። ለውጡ ቀላል አልነበረም፤ በአገሪቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሐፊ ማንንም ሳያስፈቅድ ማሳተም ቻለ። «ጦቢያ» መጽሔት ሰፊ አንባቢ አገኘ፤ «ሪፖርተር»ና «አዲስ አድማስ» ተከተሉ፤ በመሀል ዕድሜያቸው አጭር የሆነ ብዙ ሳምንታዊ ጋዜጦች ወጥተው ጠፉ። አራት ኪሎ አካባቢ ገንዘብ ያጠረው አንባቢ ጋዜጣ ተከራይቶ የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያነብባል፤ አከራዩ ቆሞ ይጠብቃል፤ አንዱ ገልብጦ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። አዟሪው ርእሰ ዜናውን እየጮኸ በመኪናዎች መሀል ይሽሎከለካል። አንድ ቅጂ ስንት ሰው እንደሚያነብበው የሚያውቅ አልነበረም። የግሉ ፕሬስ ጉልበት ከታተመው ቁጥር ይልቅ በዚህ ልውውጥ ላይ ነበር።

አጥሩ ግን አልፈረሰም፤ ከሕትመት በኋላ ተዛወረ። ያው አዋጅ ሐሰተኛ ውንጀላን፣ ብሔረሰብን በብሔረሰብ ላይ ማነሣሣትንና ጦርነት መቀስቀስን ይከለክል ነበር። እነዚህን ክልከላዎች ማንም ጤነኛ ኅብረተሰብ ይቀበላቸዋል። ችግሩ አፈጻጸማቸው ላይ ነበር፤ አዘጋጆች በብዙ መዝገቦች በአንድ ጊዜ ይከሰሱ፣ ዋስትና ማስያዝ እያቃታቸው ይታሰሩ ነበር። በ1980ዎቹ ማብቂያ ኢትዮጵያ ጋዜጠኞችን በብዛት በማሰር ከአፍሪካ ቀዳሚ ተብላ በዓለም አቀፍ የጋዜጠኞች ተቆርቋሪዎች ተመዝግባ ነበር።

ስለዚያ ዘመን ፕሬስ በሐቅ መናገር ያስፈልጋል። ከጋዜጦቹ ጥቂት የማይባሉት ያልተጣራ ወሬ በትልቅ ርእስ አትመዋል፤ አንዳንዶቹ ቁጣን ከመረጃ አስቀድመዋል። ለዓመታት ታፍኖ የኖረ ሰው በመጀመሪያው ቀን በዝግታ አይናገርም። ሙያው ራሱን የሚያርምበት ጊዜና ተቋም ያስፈልገው ነበር፤ የእርማት አምድ፣ የፕሬስ ምክር ቤት፣ የፍትሐ ብሔር ካሣ። መንግሥት በምትኩ የመረጠው የወንጀል ችሎትን ነው። ወሬ አሳታሚውና ጉዳይ መርማሪው በአንድ ወንበር ተከሰሱ፤ አንባቢውም ሁለቱን ለመለየት ዕድል አላገኘም።

የዚህን ዘመን ደፋር ተቺ በአንድ ስም መጥራት ካስፈለገ እስክንድር ነጋ ነው። ከአዋጁ ብዙም ሳይቆይ «ኢትዮጲስ»ን አቋቋመ፤ ተዘጋ። ሌሎች ጋዜጦችን ከፈተ፤ ደጋግሞ ታሰረ። አጻጻፉ የሚኮሰኩስ፣ ስም የሚጠራ፣ ለማንም የማያጎነብስ ነበር፤ የሚወዱትም የሚጠሉትም በዚህ ይስማማሉ። በግንቦት 1997 ምርጫ ማግስት አገሪቱ ስትናጥ፣ አጣሪ ኮሚሽን በኋላ እንዳረጋገጠው 193 ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች ሲገደሉ፣ ጋዜጠኞች ከፖለቲከኞች ጋር በአንድ መዝገብ በሕገ መንግሥት መናድና በአገር ክህደት ተከሰሱ። እስክንድርና ባለቤቱ ጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል አብረው ታሰሩ። ሰርካለም ልጃቸውን የወለደችው በእስር ላይ ሆና ነው። በ1999 ዓ.ም. ተፈቱ፤ ጋዜጣ የመክፈት ፈቃድ ግን ተከለከሉ።

እስከዚህ ያለውን ሰብሰብ ስናደርገው፣ ንጉሡና ደርግ ጽሑፉን፣ ደርግን የተካው ኢሕአዴግ ደግሞ ጸሐፊውን ተቆጣጠረ ማለት ይቻላል። ከ1997 በኋላ የመጣው ሦስተኛው መንገድ ሁለቱንም የሚያጣምር ነበር። አዋጅ 590/2000 ለስም ማጥፋት እስከ 100,000 ብር መቀጮ ደነገገ፤ ለአንድ ትንሽ ጋዜጣ ይህ የመዝጊያ ዋጋ ነው። የጸረ ሽብር አዋጅ 652/2001 በአንቀጽ 6 ሽብርን ያበረታታል ተብሎ ሊታሰብ የሚችል ጽሑፍ ማተምን ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ እስራት አስቀጣ። «አዲስ ነገር» ጋዜጣ በ2002 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሥራውን አቆመ፤ አዘጋጆቹ ተሰደዱ።

ክሶቹ ተከታተሉ። የ«ፍትሕ» ጋዜጣ አምደኛ ርዕዮት ዓለሙ፣ ለሕዳሴ ግድብ መዋጮ የሚሰበሰብበትን መንገድ የነቀፈችው መምህርት፣ ሰኔ 2003 ዓ.ም. ተይዛ የ14 ዓመት እስራት ተፈረደባት፤ በይግባኝ ወደ 5 ዝቅ አለ። ከእርሷ ጋር የ«አውራምባ ታይምስ»ው ውብሸት ታዬም ተፈርዶበታል። እስክንድር ጋዜጠኞችና አንድ ታዋቂ ተዋናይ በዚሁ ሕግ መታሰራቸውን ነቅፎ በጻፈ በቀናት ውስጥ፣ መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ልጁን ከትምህርት ቤት ሲወስድ ተያዘ። ፍርዱ 18 ዓመት ነበር። ልዩነቱን አንባቢ ያስተውል፦ በ1980ዎቹ የታሰረ አዘጋጅ ወራት ይቆጥር ነበር፤ አሁን የሚቆጠረው የልጁ ዕድሜ ሆነ።

በዚያው ዓመት አጥሩ እዚያው ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ገባ። አብዛኞቹን የግል ጋዜጦች የሚያትመው የመንግሥቱ ብርሃንና ሰላም ነበር። በ2004 ዓ.ም. ሚያዝያ አሳታሚዎች እንዲፈርሙ የቀረበው አዲስ ውል ማተሚያ ቤቱ ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም እንዲል ሥልጣን ሰጠው። ሐምሌ ላይ «ፍትሕ» ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሕመም በጻፈ ጊዜ 30,000 ቅጂዎች ከማተሚያ ቤት እንዳይወጡ ታገዱ። በ1914 ዓ.ም. ብርሃን ሊሆን የተቋቋመ ድርጅት ከዘጠና ዓመት በኋላ የመጀመሪያው አንባቢና ፈራጅ ሆነ። ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ሳንሱር በንግድ ውል ስም ተመለሰ፤ በእኔ ዕይታ ከሁሉም አጥሮች ይህ ነው እጅግ ረቂቁ፣ ምክንያቱም አሳታሚው ራሱ እንዲፈርምበት ተጠይቋልና።

የ«ፍትሕ» ዋና አዘጋጅ ተመስገን ደሳለኝ ጋዜጣው ሲታገድበት ሌላ ከፈተ፤ ያም ሲዘጋ ሌላ። ጥቅምት 2007 ዓ.ም. ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት ባሳተማቸው ጽሑፎች ሦስት ዓመት ተፈረደበትና ዝዋይ እስር ቤት ወረደ። ሚያዝያ 2006 ላይ ዞን ዘጠኝ የተባለው የጦማር ቡድን ጸሐፊዎች ታሰሩ፤ በዚያው ዓመት ክረምት «ፋክት»ን፣ «ሎሚ»ን፣ «አዲስ ጉዳይ»ን ጨምሮ ስድስት የሕትመት ውጤቶች ተከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2014 ብቻ 30 የሚደርሱ ጋዜጠኞች አገር ጥለው መሰደዳቸውን ሂውማን ራይትስ ዎች መዝግቧል። ተቺው ብዕር በዚህ ጊዜ በብዛት ወደ ዋሽንግተን፣ ለንደንና አምስተርዳም ተሻገረ። ከዚያ የሚሠራጨው የኢሳት ቴሌቪዥን በአገር ውስጥ የተዘጋውን ጆሮ ያዘ፤ ርቀቱ ግን ዋጋ ነበረው። በአካል ያልተገኘ ዘጋቢ ሰነድ ማየት፣ ምስክር ማነጋገር አይችልም፤ ክርክሩም ከዓመት ዓመት ከማጣራት ይልቅ ወደ መፋለም አዘነበለ። የመንግሥት አፈና የፕሬስን ጥራት ጭምር እንደሚጎዳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የካቲት 2010 ዓ.ም. እስክንድር ከሌሎች እስረኞች ጋር ተፈታ። በሰኔ 264 የታገዱ ድረ ገጾችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮጵያ በድንበር የለሽ ጋዜጠኞች መዘርዝር ከ150ኛ ወደ 110ኛ ደረጃ ዘለለች፤ የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን አዲስ አበባ ላይ ተከበረ። የ1966 የካቲትን ያየ ሰው ያን ደስታ ያውቀዋል፤ ስጋቱንም እንዲሁ። ሕጉ ሳይጸና በመሪ በጎ ፈቃድ የተከፈተ በር በዚያው ፈቃድ ይዘጋልና።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን አብሮ ይዟል። በአንድ በኩል አዋጅ 1238/2013 ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አወጣ፤ በኢትዮጵያ የፕሬስ ሕግ ታሪክ ከአዋጅ 34 ወዲህ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግር አዋጅ 1185/2012፣ ከዚያም የሰሜኑ ጦርነትና የጥቅምት 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋዜጠኞችን በጅምላ ለማሰር በር ከፈቱ። የጥላቻ ንግግር በዚህች አገር ሰው ያስገድላል፤ የሕጉን አስፈላጊነት ማቃለል አይገባም። ይሁንና ግጭት የሚቀሰቅሰውንና ግጭቱን የሚዘግበውን ያልለየ አሠራር ገዳዩን ትቶ ምስክሩን ይይዛል። እስክንድር ራሱ ከጋዜጣ ወደ ፓርቲ መሪነት፣ ከዚያ ዳግም ወደ እስር፣ በኋላም ወደ ትጥቅ ትግል ሄደ። የሄደበትን መንገድ ብዙዎች ይነቅፉታል፤ በወረቀትና በቀለም የጀመረ ሰው ወደዚያ መድረሱ ግን ሁሉንም ወገን ሊያስጨንቅ ይገባዋል።

ዛሬ የሕትመት ጋዜጣ ቁጥሩ ተመናምኗል፤ የወረቀት ዋጋ አሳታሚውን እያስቆመው ነው፤ ደፋሩ ተቺ በአብዛኛው በዩቲዩብ ይናገራል። የክርክሩ ማዕከል ግን ያው ችሎት ነው። የአዋጅ 1238/2013 አንቀጽ 86 በመገናኛ ብዙኃን በተፈጸመ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው ለምርመራ በእስር ሳይቆይ ክሱ በቀጥታ ለፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ይሁንና መርማሪ ፖሊስ ተጠርጣሪውን ይዞ ሲቀርብ ድርጊቱ የመገናኛ ብዙኃን ወንጀል አይደለም፣ ሁከት ማነሣሣት ነው እያለ ተጨማሪ የምርመራ ቀናት ይጠይቃል። ጠበቃው ያንን አንቀጽ ያነባል። ዳኛው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ፤ ጉዳዩ በአንድ መዝገብ ሲፈታ በሌላው እንደገና ይጀመራል።